የእናቴን ስልክ ማንሳት ያቃተኝ ወራት

ይህን የምጽፈው ስልክ ሲጮህ ለሚደነግጥ ሰው ነው። ሚስቱ ደውላ «የት ነህ?» ስትለው የሚደነግጠውን ማለቴ አይደለም፤ የእሱ ድንጋጤ ጤነኛ ነው። እኔ የምለው ስልኩ ሲጠራ እጁ የሚንቀጠቀጠውን፣ ልቡ በጉሮሮው ሊወጣ የሚታገለውን፣ ምክንያቱንም ለማንም ተናግሮ የማያውቀውን ነው። ይህ ነገር ስም ያለው ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ በየክሊኒኩ ስንከራተት ከረምኩ፤ በዚህ መሀል እናቴ የቁሜን አለቀሰችኝ።

አስፋው እባላለሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ባጭሩ «ክሊም» ይለዋል። በሐምሌ ቀትር እንኳን ሰው ግድግዳው በሚያልብበት ከተማ ክሊም ጠጋኝ ምን ያህል እንደሚከበር አስቡት። ላቤን አጠራቅሜ ቢሆን ኖሮ አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አይቀርም ነበር። የምንኖረው ካርቲየ 1 የሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቴ ሙሉ፣ ሀብታሞቹ በሚኖሩበት በሀራሙስ ሰፈር፣ አንድ ቪላ ቤት ምግብ ታበስላለች። እሷ ከምናገረው ግማሹን ጥላ፣ የቀረውን ደግሞ ለሁለት ከፍላ ነው የምታምነኝ። ሰው ማሳቅ እወዳለሁ። የሰው ድምፅ አስመስላለሁ፤ በሠርግም በለቅሶ ቤትም ቦታዬ የታወቀ ነው።

አንድ ጊዜ ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆችን የጫነች ጀልባ ተገለበጠች። እዚህ ለምንኖር ሰዎች ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። ልጆቹን በከተማው ሲያልፉ እናያቸዋለን፤ ውኃ ስንሰጣቸው «ወንድም ጋሼ፣ ሳዑዲ ከዚህ ሩቅ ነው?» ይሉናል። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ በላቸው ጥቂቶቻችንን አሰባስቦ በስተሰሜን ወዳለው ዳርቻ ወሰደን። ከአካባቢው ሰዎችና ከአንድ ሼህ ጋር ሆነን ቀበርናቸው። ስለዚያ ቀን ብዙ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። አንዳንዶቹ በሱሪያቸው ወገብ ውስጥ፣ በውስጥ በኩል፣ ስልክ ቁጥር ተጠልፎላቸው ነበር። ወረቀቱን ባሕር ይበላዋል ብላ፣ እናት ትሁን እህት፣ ቁጥሩን በቀይ ክር ጠልፋ ሰፍታለታለች። ክሩ አልለቀቀም።

ለቁጥሮቹ የሚደውል ሰው አስፈለገ።

«አንተ ደውል» አለኝ ጋሽ በላቸው።

«ለምን እኔ?»

«ምላስ አለህ። እኔ ብደውል ሴቶቹን በድንጋጤ ነው የምገድላቸው። አንተ ለስለስ አድርገህ ታወርደዋለህ።»

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌ ከፊት ይገባል፤ ጠንካራ ሴቶች ከኋላ ይቆማሉ፤ የምትወድቀዋን የሚይዝ፣ ፊቷን እንዳትነጭ እጇን የሚጨብጥ ሰው አለ። ቃሉ ሳይወጣ ሰው ይሰበሰባል። በስልክ ግን ማን ይያዝ? እኔም ዘዴ አበጀሁ። እናትየው ካነሳች «አጠገብዎ ማን አለ?» እላለሁ፤ ወንድም ወይም ጎረቤት ይሰጡኛል፤ ለእሱ እነግረውና የቀረውን እንደ ወጉ ያደርጋሉ። ለብዙዎቹ እንዲህ ሆነልኝ።

ከኮምቦልቻ አጠገብ ሐርቡ ያለችው ሴት ስልኳን ስታነሳ ግን እልል አለች።

ዘሀራ ትባላለች። ልጇ ሲወጣ «ከውጭ አገር ቁጥር ከተደወለ ደርሻለሁ ማለት ነው» ብሏት ኖሯል። እሷ ቁጥሩን አይታ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ነው ያነሳችው። እልልታው ሲያባራ ሴቶች ሲስቁ ይሰማኛል። አንዷ «ሽሮ ናፈቀኝ በለን» ትላለች።

«እናቴ፣ አንድ ወንድ ሰው ስልኩን ይቀበልልኝ» አልኩ።

«ለምን? እኔ ነኝ የወለድኩት። ለእኔ ንገረኝ።»

«እናቴ፣ እባክዎ...»

«አንተ ልጅ፣ ድምፅህ ምን ሆነ?» አለች። ሳቁ ቆመ። «ንገረኝ።»

ነገርኳት። ለስለስ አድርጎ የማውረጃ መንገድ አልነበረውም። ከዚያ የሰማሁትን ድምፅ ልጽፈው አልችልም። ስልኩ ወደቀ፤ አልተዘጋም። ሴቶቹ መጮህ ጀመሩ። እኔም መዝጋት አቃተኝ፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ወዲያው እንደ መውጣት ሆነብኝ። ካርዴ እስኪያልቅ ድረስ አዳመጥኩ። ከዚያ ተነስቼ ምሳዬን በላሁ፤ ለሙሉ ቀልድ ነገርኳት። ደህና ነኝ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የከዳኝ እጄ ነው። ሀራሙስ አንድ ቪላ መሰላል ላይ ወጥቼ ክሊም ስፈታ የሠራተኛዋ ስልክ ታች ጠራ። ጣቶቼ ተዝለፈለፉ፤ መፍቻው ከእጄ አምልጦ የማዳምን የአበባ ማስቀመጫ ለሁለት ከፈለው። ወርጄ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ በዚያ ሙቀት ጥርሴ ይንገጫገጫል። በሌላ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ያቺ ሴት የጮኸች መሰለኝና ዕቃዬን ጥዬ ወጣሁ። ሌሊት መተኛት ቀረ። ገና ዐይኔን ስጨፍን እልልታው ይመጣል። ከጩኸቱ ይልቅ እልልታው ነበር የሚገድለኝ።

ክሊኒክ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ወባ ነው አለኝ። ሁለተኛው ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ አገኘብኝ፤ ኢትዮጵያዊ የትም ቢሰደድ እነዚህ ሁለቱ ፓስፖርት ሳይጠየቁ ይከተሉታል። ሦስተኛው የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ብሎ፣ ድንጋይ ቢውጠው የሚቀልጥበት የሚመስል መድኃኒት ሰጠኝ። አራተኛው ደረቴን በሽቦ አስሮ የልቤን ምት በወረቀት አወጣው፤ «ልብህ የጎረምሳ ልብ ነው» አለኝ። ሙሉ «ጭንቅላቱም እንደዚያው ነው» አለችው። ሁሉም ደሜን ወሰዱ። ምን ሆነህ ነበር ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። እኔም አልተናገርኩም።

አንድ ጓደኛዬ ማዕከላዊ ገበያ ወስዶ ጫት ገዛልኝ፤ «ሐሳብህን ይበትነዋል» አለ። ሐሳቤን ሰብስቦ ግንባሬ ላይ አስቀመጠው። ሌላው እንቅልፍ የሚያመጣ ክኒን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ለጥቂት ቀናት ድንጋይ ሆኜ ተኛሁ፤ ከዚያ ያለ እሱ መተኛት አቃተኝ። ሙሉ ደግሞ በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ጠበል በጀሪካን ከአገር ቤት አስመጣች። የጠጣሁ ቀን ደህና አደርኩ፤ ይህን አልክድም። ሾፌሩ ግን እንደገና እስኪመላለስ ድረስ እልልታው ቀድሞት ይመጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ እሁድ እሁድ ትደውል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ችግሬ መጣሁ። የእናቴን ስልክ ማንሳት አልቻልኩም። ሌላ ሰው ሲደውል ጥርሴን ነክሼ አነሳለሁ። በስልክ ውስጥ ግን የወሎ እናት ድምፅ ሰማሁ ማለት ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ሰውነቴ ያውቀዋል። ስሟን ስክሪኑ ላይ ሳይ ስልኩን ለሙሉ ወርውሬ መንገድ ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ሙሉ «ሥራ ላይ ነው፤ ደህና ነው» ትላለች። በሚቀጥለው እሁድም «ሥራ ላይ ነው፤ ደህና ነው።»

በእኛ አገር ይህ ቃል ለማን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ልጁ ውጭ አገር የሞተበት ሰው መርዶው እስኪነገረው ድረስ የሚሰማው ይህንኑ ነው። ሥራ ላይ ነው፤ ደህና ነው፤ ይደውልልሻል።

እናቴ ገባት። አብሯት የምትኖረው እህቴ አልማዝ ለሙሉ ደውላ «እማዬ ‹የልጄን መርዶ አትደብቁኝ› እያለች ነው» አለቻት። «ጎህ ሲቀድ በር ላይ ትቀመጣለች፤ ማን እንደሚመጣ ትጠብቃለች። ጎረቤት እሳት ልትጭር ከመጣች እንኳ ‹ንገሪኝ› ትላለች። ምግብ ትታለች።»

ሙሉ ፎቶዬን ላከች። እናቴ «የድሮ ነው» አለች። የዛሬውን አነሳችኝ፤ ተይዞ ማስለቀቂያ የሚጠየቅበት ሰው መስዬ ወጣሁ። «ከስቷል፤ ሊሞት ሲል የተነሳው ነው» አለች። ድምፅህን ቅዳላት ብላ ሙሉ ስልኩን አፌ ላይ ደቀነችው። የአገሩን ሰው ድምፅ ሁሉ የማስመስለው ሰውዬ የራሴ ድምፅ ጠፋብኝ። በአካል እንዳልሄድ የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም።

«አስፋው» አለችኝ ሙሉ ከዚያ በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እናትህ በዚህ ከቀጠለች ትሞታለች። ያኔ መርዶውን የምነግርህ እኔ ነኝ። እንዳታስደርገኝ።»

ጋሽ በላቸው ጋ የሄደችው እሷ ናት። ሽማግሌው መጥቶ አየኝ፤ አልመከረኝም፤ እጄን ይዞ የአእምሮ ሐኪም ያለችበት ሆስፒታል ወሰደኝ። እዚያ እንዳልታይ ባርኔጣና ጥቁር መነፅር አድርጌያለሁ። ፊት ለፊቴ ባርኔጣና ጥቁር መነፅር ያደረገ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ሁለት ሰላዮች መሰልን። ብዙ ተያይተን ስንቆይ በአማርኛ «ሀራሙስ ክሊም የምትሠራው አይደለህም?» አለኝ። የአንድ ቪላ ዘበኛ ነው፤ በሩን ስንት ጊዜ ከፍቶልኛል።

«አይደለሁም» አልኩት።

«እኔም ዘበኛው አይደለሁም» አለና ፊት ለፊቱ ማራገቢያ ያለበትን ወንበር ለቀቀልኝ። የእሱን ሕመም አልጠየቅኩትም። የእኔንም አልጠየቀኝም። ተራው እስኪደርስ ከአንድ ጠርሙስ ውኃ ጠጣን።

ዶክተር ፋቱማ የአገሩ ተወላጅ ናት። የተነጋገርነው በፈረንሳይኛ ነው፤ በፈረንሳይኛ ደግሞ ሁሉም ሰው አንቱ ስለሆነ በመከበሬ ብቻ ግማሹ ሕመሜ ሊለቀኝ ነበር። «ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ምን አጋጠመዎት?» አለችኝ። እንዴት ያለ ቀላል ጥያቄ ነው። ስለ ዳርቻው፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ስልኩ ነገርኳት። እየሳቅኩ ነው የነገርኳት፤ አንድ ሁለት ቦታ ላይ ቀልድ ጨምሬበታለሁ።

የሕመሙ ስም በፈረንሳይኛ እንደ ባቡር ረጅም ነው። በእኛ ቋንቋ ከከባድ አደጋ በኋላ የሚከተል የጭንቀት ሕመም ልንለው እንችላለን። አደጋው በራሱ ላይ የደረሰበት ሰው ብቻ ሳይሆን ያየውም፣ የቀበረውም ሊይዘው ይችላል። አንጎል ያለፈውን ነገር «አልፏል» ብሎ ማስቀመጥ ያቅተዋል አለችኝ። እኔ በሙያዬ ተረዳሁት። ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል፤ ክፍሉ ቀዝቅዞም ማሽኑ አይቆምም።

ሕክምናው ብዙ ዓይነት እንደሆነ አስረዳችኝ። ዋናው ንግግር ነው፤ የሸሸኸውን ነገር ከባለሙያ ጋር ሆነህ፣ ቀስ በቀስ፣ ደጋግመህ መቅረብ። ዐይንህን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀስክ ትዝታውን የምታነሳበት መንገድም አለ፤ እኔ አልሞከርኩትም። ለጭንቀትና ለድባቴ የሚሰጥ ክኒን አለ፤ ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት ይፈልጋል፤ በራስህ ፈቃድ አይጀመርም፣ አይቋረጥም። ከጓደኛ ኪስ የወሰድኩትን የእንቅልፍ ክኒን ግን ቀስ በቀስ አስቀነሰችኝ፤ ይህን ሕመም እንደማያድን፣ እንደሚያስርም ነገረችኝ። ጫቱንም አስተወችኝ። ስለ ጠበሉ ስነግራት «ይጠጡ፤ ክኒኑን ብቻ አይተኩበት» አለች።

ክኒኑ ሲጀመር ያቅለሸልሻል፤ አፍ ያደርቃል። ጅቡቲ ውስጥ የጎደለኝ ደረቅነት ይመስል።

በሚቀጥለው ጊዜ ታሪኩን እንደገና አስነገረችኝ። ጨርሼ ቀና ስል ብዕሯን አስቀምጣ ታየኛለች።

«በፈረንሳይኛ ሲነግሩኝ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ነው የሚመስሉት» አለች። «ለሴትዮዋ የተናገሩት በምን ቋንቋ ነው?»

«በአማርኛ።»

«በአማርኛ ይንገሩኝ።»

«አይገባዎትም እኮ፣ ዶክተር።»

«መስማት ያለብኝ እኔ አይደለሁም።»

ጀመርኩ። «እናቴ፣ አጠገብዎ ማን አለ» የሚለው ላይ ስደርስ ወደፊት መሄድ አቃተኝ። በፈረንሳይኛ ስንት ጊዜ የዘለልኩት ቦታ ነው። ጠረጴዛዋ ላይ ግንባሬን ደፍቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ የባሕር ዳርቻ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ ማራገቢያውን ወደ እኔ አዞረችው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ አለፈ ብዬ አላታልላችሁም። በየቀጠሮው በአማርኛ እነግራታለሁ፤ እሷ ፊቴን ታነባለች። መሰላሉን በደረጃ ነው የወጣነው። መጀመሪያ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስጠራች፤ እግሬን ወለሉ ላይ ጠበቅ አድርጌ፣ ትንፋሼን አርዝሜ አስወጥቼ፣ «አሁን ያለሁት እዚህ ክፍል ነው» ማለት ተማርኩ። ከዚያ ሙሉ ቤት ውስጥ ስታስጠራ መቀመጥ። ከዚያ እናቴ ድሮ የላከችው የድምፅ መልእክት፤ «አስፌ፣ በርበሬው ደረሰህ?» ትላለች። ይህን በርበሬ እየሰማሁ ስንት ጊዜ ልብሴ በላብ እንደራሰ እኔ ነኝ የማውቀው። ተመልሼ የወደቅኩባቸው ሳምንታት ነበሩ። በአንዱ ሙሉን ስልክ ስለነካሽ ብዬ ጮህኩባት፤ እህቷ ቤት ሄዳ አደረች። በማግሥቱ ተመልሳ መጥታ ቁርስ አቀረበች፤ አላናገረችኝም።

ልደውል የወሰንኩ ዕለት ማለዳ ተነስቼ ስልኩን ያዝኩ። ሙሉ ነጠቀችኝ።

«ጎህ ሲቀድ? ከጅቡቲ? ልትገድላት ነው? መርዶ መሰላት ማለት ነው። በቀትር ደውል፤ መርዶ በቀትር አይነገርም።»

በቀትር፣ ከተማው ሁሉ በሙቀት ሲደፋ፣ ደወልኩ። ሙሉ ከኋላዬ ቆማ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አሳርፋለች። አልማዝ አነሳች፤ ድምፄን ስትሰማ ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት።

«እማዬ።»

«ማን ነህ?»

«አስፋው ነኝ፣ እማዬ።»

በደረቅ ድምፅ «ልጄ የሰው ድምፅ እያስመሰለ ያስቀን ነበር» አለች። «እናንተም እሱን የሚያስመስል ፈለጋችሁልኝ?»

በርበሬው ደረሰኝ አልኳት። የጎረቤታችንን የአቶ ይመርን ሳል ሳልኩላት። በልጅነቴ የሰበርኩትን ገንቦ ነገርኳት።

«ይህን አልማዝ ልትነግርህ ትችላለች» አለች። «ተው ልጄ። አታድክመኝ። የሞተ ቀን ንገሩኝና ልረፍ።»

ያን ጊዜ ቀልድ አለቀብኝ። እግሬን ወለሉ ላይ ብጫነውም አልረዳኝም። እንደ ሕፃን ልጅ፣ አፌን ከፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ስልኩን ለአጠገቧ ላለ ሰው የምታስጠጋ ይመስለኛል፤ «አልማዝ፣ ስሚ» አለች። «ይሄ እሱ ነው። ለቅሶውን አውቀዋለሁ። ያሳደግኩት ለቅሶ ነው።»

ጮኸች። ያ ለወራት የሸሸሁት ድምፅ በጆሮዬ ውስጥ መጣ። የሙሉ እጅ ጀርባዬን ያዘኝ። ስልኩን አልጣልኩም።

ስንረጋጋ ምን ሆነህ ነው አለችኝ። ነገርኳት፤ ሁሉንም። ስለ ሐርቡዋ ሴት ስነግራት አላቋረጠችኝም።

«ጥቁር አሰፍቼ ለብሼብሃለሁ» አለችኝ በመጨረሻ። «አልማዝ አሁን አውልቂ እያለች ልብሴን ትጎትታለች። አላወልቅም። ሐርቡ ቅርብ ነው። ለዚያች ሴት ለቅሶ እደርስላታለሁ።»

ሄደች። ምን እንደተነጋገሩ አልነገረችኝም። «አብረን ዋልን» ብቻ አለችኝ።

ክኒኔን አሁንም እወስዳለሁ። ዶክተሯን አሁንም አያለሁ፤ ቀጠሮው እየራቀ ሄዷል። እልልታ ባለበት ሠርግ በር አጠገብ እቀመጣለሁ። ይህን ሕመም የያዘው ሰው ይህን ጽሑፍ ካነበበ፣ ወባም ታይፎይድም ከመታከሙ በፊት ያየውን ነገር ለሐኪሙ ይናገር፤ ያለቀሰበት ቋንቋ ካለ በዚያ ይናገር። ደህና ነኝ እያላችሁ የምትኖሩ ቀልደኞች በተለይ።

እናቴ ከሐርቡ በተመለሰች ሰሞን ስልኬ ጠራ። ቁጥሩን አወቅኩት፤ በቀይ ክር ተጠልፎ ያየሁት ነው። ሙሉ ቤት የለችም። ትንፋሼን አወጣሁና አነሳሁ።

«ዘሀራ ነኝ» አለች። «ሲቀበር እዚያ እንደነበርክ እናትህ ነግራኛለች። ያኔ መጠየቅ አልቻልኩም።»

«ይጠይቁኝ፣ እናቴ።»

«ፊቱን ወደ ቂብላ አዙራችሁታል?»

«ሼሁ አዙረውታል። እኔ በእግሩ በኩል ነበርኩ።»

«አፈሩ ምን ይመስላል?»

«አሸዋና ጠጠር ነው።»

«ጥላ አለው?»

ዕድሜ ልኬን ከአንድ ቁጥቋጦ ጫካ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ትልቅ ግራር እዚያ ለመትከል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጥላ የለውም» አልኳት። «ነፋስ ግን አለው። ከባሕሩ ሲነፍስ ይውላል።»

«ነፋስ ካለው ደህና ነው» አለች። «ልጄ ሙቀት አይችልም ነበር።»